ጭብጡ የት ሄደ? በየዕለቱ ክርክር ውስጥ የተሳሳተ ሙግትን ለመያዝ

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ እኛም ሰሜን ሸዋ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ያን ሰሞን ሰው ግማሹ ደጅ፣ ግማሹ ስልኩ ላይ ነበር። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ከተዘዋወሩት ወሬዎች አንዱ "የዓባይ ግድብ ውሃ ከያዘ ወዲህ ነው መሬቷ እንዲህ የሆነችው" የሚል ነው። ስትሰማው ያሳምናል። ግድቡ ውሃ ያዘ፣ ከዚያ መሬት ተንቀጠቀጠ፣ ስለዚህ ግድቡ ነው።

አሁን አንድ ነገር ጠይቅ፤ ግድቡ ሳይኖርስ መሬት ተንቀጥቅጦ ያውቃል? ያውቃል እንጂ! በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። የግድቡ ግንባታ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው፣ ከ50 ዓመት በኋላ። ሌላ ጠይቅ፤ ግድቡ ያለው የት ነው? ጉባ፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ። ፈንታሌ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ መሬት እየተለጠጠችና ከሥሯ የቀለጠ ዓለት እየተንቀሳቀሰ ባለበት ቦታ ነው። በመካከላቸው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አለ። እርግጥ ነው፣ ትልቅ የግድብ ሐይቅ እዚያው በዙሪያው ያለውን መሬት ሊያንቀጠቅጥ እንደሚችል በሌሎች አገሮች ታይቷል፤ ስለዚህ ሃሳቡን ያነሳው ሰው እብድ አይደለም። ችግሩ ማስረጃ ብሎ ያቀረበው "ከዚያ በኋላ ሆነ" የሚለውን ብቻ መሆኑ ነው።

ይህን ዓይነቱን፣ ሲሰሙት የሚያሳምን ግን የተሳሳተ ሙግት፣ የአመክንዮ ሕጸጽ ይሉታል። አሪስቶትል ከ2300 ዓመት በፊት 13 ዓይነት ዘርዝሯል፤ ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ረዝሞ ረዝሞ ማለቂያ የለውም። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አንደኛ ዓመት ላይ ተምሮታል፣ የላቲን ስሙን ሸምድዶ ተፈትኖበታል፣ ከፈተናው ማግስት ረስቶታል። አልፈርድበትም። ስም መሸምደድ ክርክር ውስጥ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ንግግሩ ከጭብጡ ላይ የተንሸራተተበትን ቅጽበት መያዝ ነው። እኔ ከታች የምጽፈው በሙሉ የዚህ ልዩ ልዩ መልክ ነው።

መጀመሪያ ጭብጡን ያዝ

በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት አንዱ "ተጠየቅ!" ብሎ ይነሳል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል፣ ዋስ ይጠራል፣ ውርርድ ይያዛል። ያንን ዘመን አሁን ማር ማር ያለ አድርገን እናወራዋለን እንጂ፣ አንደበቱ የተባ ሰው ምንም ሳይኖረው ባላጋራውን አፍ የሚያስይዝበት ጊዜም ነበር። ግን አንድ ጥሩ ነገር ነበረው። ሰው የቆመው ስለ ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ስለ መሬቱ ከሆነ ስለ መሬቱ ነው፣ ስለ በሬው ከሆነ ስለ በሬው።

የዛሬው ክርክራችን የጎደለው ይሄ ነው። አንድ ምሳሌ ልያዝና በእሱ እንሂድ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ አንድ እድር ተሰብስቧል እንበል። ፀሐፊው "የድንኳንና የወንበር ዋጋ ስለጨመረ ወርሃዊ መዋጮው ከ50 ብር ወደ 100 ብር ይደግ" ብሏል። ጭብጡ ይሄ ነው። አሁን ያለው ገንዘብ ወጪውን ይችላል ወይስ አይችልም? ካልቻለስ መፍትሔው መዋጮ መጨመር ነው ወይስ ሌላ? ከዚህ ውጭ የሚነገር ነገር ሁሉ መጠርጠር አለበት።

ወደ ሰውዬው ሲዞር

የመጀመሪያው ተናጋሪ ይነሳል። "አንተ ከመጣህ ገና ምን ያህል ጊዜህ ነው? ደመወዝህ ወፍራም ስለሆነ ነው እንዲህ የምትለው።" ልብ በል፤ ስለ ድንኳኑ ዋጋ አንዲት ቃል አልተነገረም። ፀሐፊው ትናንት ቢመጣም፣ ሀብታም ቢሆንም፣ ቁጡ ቢሆንም የድንኳኑ ኪራይ ያው ነው።

ግን እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሄን ሕጸጽ ከተማረ በኋላ "ስለ ሰውዬው አታንሳ" የሚል ሌላ ስህተት ውስጥ ይገባል። የተናጋሪው ማንነት ዋጋ የሚኖረው ጊዜ አለ። ፍርድ ቤት ምስክር ሲቀርብ ከተከሳሹ ጋር ቂም አለው ወይ፣ ቦታው ላይ ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ለምን? የሚሰጠን ነገር ቃሉን ብቻ ስለሆነ፣ ቃሉን ማመን አለማመን ከሰውዬው አይለይም። ሙግት ግን ሌላ ነው። ሙግት ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ሌባም ቢናገረው ሁለትና ሁለት አራት ነው።

ለምሳሌ የስንዴ ዘር ነጋዴ መጥቶ "ይሄ ዘር ይበቅላል፣ እመነኝ" ካለህ የሚሸጠው እሱ መሆኑን ማሰብ ጨዋ ጥርጣሬ ነው፣ ምክንያቱም እመነኝ ነው ያለህ። ነገር ግን 100 ፍሬ ቆጥሮ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጎ ከሰጠህና ከቀናት በኋላ ራስህ የበቀለውን ከቆጠርክ ነጋዴነቱ ከጨዋታው ወጣ። አሁን የምታምነው እሱን ሳይሆን የቆጠርከውን ነው። ስለዚህ መለያው ይሄ ነው፤ "እመኑኝ" እያለ ነው ወይስ "እዩት" እያለ? እመኑኝ ካለ ማንነቱን ጠይቅ። እዩት ካለ ነገሩን እይ።

ያላለውን ማስባል

ሁለተኛው ተናጋሪ፣ "እንግዲህ ድሃ አይቀበር ነው የምትለን! ድሃ ሬሳው ሜዳ ይደር!" ይላል። ቤቱ ያጨበጭባል። ፀሐፊው ግን እንዲህ አላለም። መቶ ብር አለ እንጂ ድሃ አይቀበር አላለም።

ይሄኛው በኛ አገር ክርክር ውስጥ ከሁሉም የሚከፋው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የተባለበት ሰው ቀሪ ጊዜውን ያላለውን ነገር ሲክድ ይጨርሳል፣ ሲክድ ደግሞ በደለኛ ይመስላል፣ ፌስቡክ ላይ ሲሆን ደግሞ የተጣመመው ቃል ፎቶው ላይ ተጽፎ ይዞራል፣ ዋናውን ንግግር የሰማ ሰው አይገኝም። መለያ ምልክቱ "እንግዲህ"፣ "ማለትህ ነው"፣ "ስለዚህ አንተ የምትለው" የሚሉ መነሻዎች ናቸው። እነዚህን ስትሰማ ከኋላቸው የመጣውን አረፍተ ነገር መጀመሪያ ከተነገረው ጋር አነጻጽር። ጠነከረ? ሰፋ? አስቀያሚ ሆነ? እንግዲያው ተቀይሯል።

መድኃኒቱም ቀላል ነው። ከመቃወምህ በፊት የሌላውን ሃሳብ በራስህ አፍ ድገመውና "ልክ ነኝ?" በለው። እሱ ራሱ "አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት" እስኪል አትቃወም። የሚገርመው፣ ግማሹ ጠብ እዚህ ላይ ያልቃል።

ያኔ የት ነበርክ?

ይሄ ለሁላችንም የተለመደ ነው። አንዱ ስለ አንድ በደል ሲናገር ሌላው "ያኔ እንዲያ ሲሆን የት ነበርክ?" ይላል። በእድሩም "ባለፈው ዓመት ወንበር ሲጠፋ ለምን ዝም አልክ?" ይባላል። ወንበሩ መጥፋቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ራሱን የቻለ አጀንዳ ይሁን፣ ይጠየቅበት። ግን የጠፋው ወንበር የዘንድሮውን የድንኳን ኪራይ አያረክሰውም። አጭሩ መልስ "እሱም ይጠየቃል፣ ይሄም ይመለስ" ነው።

ተረትና ምሳሌ እንደ ማስረጃ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ውጭ አገር የተጻፉ ዝርዝሮች ውስጥ እምብዛም የማይገኝ የኛ ጉዳይ ነው። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ካሉ ክርክሩ አለቀ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። መዋጮው አይጨመርም።

ነገር ግን እዚያው አጠገባቸው የተቀመጡት ሌላው ሽማግሌ "ሳይቃጠል በቅጠል" ቢሉስ? እሱም ያስነቀንቃል። አንዱ ቆይ ይላል፣ አንዱ ቶሎ በል ይላል። ሁለቱም ያማሩ ናቸው፣ ሁለቱም የአባቶች ናቸው፣ ሁለቱም ግን ስለ እድሩ ካዝና ምንም አያውቁም። ለአማርኛ ተረት ተቃራኒው አይጠፋለትም፤ ሰው የሚፈልገውን መርጦ ያወጣል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን አስብ፤ ሌብነትን እንኳ ጥበብ አስመስሎ የሚያቀርብ ተረት አለን!

ተረት አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም፤ ያለ ተረት ያለፈ ስብሰባ ጨው የሌለው ወጥ ነው። ተረቱ ከማስረጃው በኋላ ሲመጣ ያሳምራል፤ በማስረጃው ቦታ ሲመጣ ግን ያታልላል። ፈተናው ይሄው፤ ተረቱን ከንግግሩ ውስጥ አውጣውና የቀረውን አንብብ። የሚቀር ነገር ከሌለ ሙግት አልነበረም።

ስለቆየ ነው ትክክል?

መንዝ ጓሳን ውሰድ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያሉበት፣ ሕዝቡ የጓሳ ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያጭድበት ከፍተኛ ቦታ ነው። የአካባቢው ሰው ቄሮ በሚባለው ደንብ ለዘመናት እያስተዳደረ ጠብቆታል፤ ለዓመታት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፣ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ አስተዳደር ሲፈርስ ቦታው ተጎዳ፣ በኋላ ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ ያዘው።

ስለ ጓሳ ሲከራከሩ "የአባቶቻችን ደንብ ስለሆነ ትክክል ነው" የሚል ትሰማለህ። "ኋላ ቀር ደንብ ስለሆነ ይቅር" የሚልም ትሰማለህ። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ ስህተታቸው አንድ ነው፤ ዕድሜውን እንጂ ሥራውን አላዩም። ሌባሻይም እኮ የቆየ ነው። ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሰጠውና ይለቀቅ ነበር፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። አባቶቻችን ያንንም ተጠቅመውበታል። ጓሳ የጸናው ስላረጀ አይደለም፤ መዝጊያና መክፈቻ፣ ጠባቂና ቅጣት ስለነበረው ነው። ስለዚህ "የአባቶች ነው" ሲሉህ "እሺ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?" ብለህ ጠይቅ።

ከሁለት አንዱን ምረጥ

ባህር ዛፍ። ይሄን ርዕስ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ያነሳ ሰው እስከ ማታ ቤቱ አይገባም። አንደኛው ወገን "ባህር ዛፍ መሬቱን አደረቀው፣ ይነቀል" ይላል። ሌላው "ይነቀል ካልክ ልጆቼን በምን ላስተምር? ወይ ባህር ዛፍ ወይ ረሃብ ነው" ይላል። ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ከመጣ ጀምሮ ማገዶም ቤት መሥሪያም ጥሬ ገንዘብም ሆኖናል፤ ውሃ እንደሚጠጣና አጠገቡ ያለውን ሰብል እንደሚያቀጭጭም ማንም ገበሬ ያውቃል። ሁለቱም እውነት ነው።

ስህተቱ በሁለት በር ብቻ ውጣ መባሉ ነው። ምንጭ አጠገብ የተተከለ ባህር ዛፍና ሰብል የማያበቅል ገደላማ ላይ የተተከለ አንድ አይደሉም። የጎረቤት ማሳ ድንበር ላይ መትከልና ከድንበሩ ፈቀቅ ብሎ መትከል አንድ አይደሉም። ከፊሉን በሌላ ዛፍ መተካትም አለ። "ወይ ይሄ ወይ ያ" ስትሰማ ሦስተኛውን ፈልግ፤ ከተገኘ ተናጋሪው ደብቆህ ነበር፣ ካልተገኘ ልክ ነው። አንዳንዴ በእርግጥም ሁለት ብቻ ነው ያለው፤ ነፍሰ ጡሯን አሁን ወደ ሆስፒታል እንውሰዳት ወይስ እንተዋት ሲባል ሦስተኛ መፈለግ ራሱ ሞኝነት ነው።

ቶሎ ቶሎ የማልፋቸው

አጎቴ። "አጎቴ በየቀኑ አረቄ እየጠጣ 90 ዓመት ኖሯል፣ አረቄ አይጎዳም።" ደብረ ብርሃን በአረቄዋ የታወቀች ስለሆነች እንዲህ ያለ አጎት አይጠፋም። ግን በ50 ዓመታቸው የሞቱት ጠጪዎች ቁጭ ብለው አይከራከሩህም። የተረፈውን ብቻ ቆጥረህ አትፍረድ።

ዶክተር ተናግሯል። የምን ዶክተር? የእንስሳት ሐኪም ስለ በግህ ሲናገር ስማው፤ ስለ ምንዛሪ ሲናገር እንደኔና እንዳንተ ነው። ንስሐ አባትህ ስለ ነፍስህ የሚሉህን ስማ፤ የማዳበሪያውን መጠን ግን የግብርና ባለሙያውን ጠይቅ።

ሁሉም ሰው ይላል። ቲክቶክ ላይ ሺህ ሰው ሼር ያደረገው አንድ ሰው የፈጠረው ሊሆን ይችላል። ሺህ ምስክር አይባልም፤ አንድ ምስክርና ሺህ አስተጋቢ ነው።

ዛሬ መቶ፣ ነገ በሬህን። "ዛሬ 100 ብር ካላችሁ፣ ነገ በሬህን ሽጥ ትላላችሁ።" ከመቶ ብር እስከ በሬው ያለው መንገድ ይታይ። እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደሚከተል ካስረዳ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ካላስረዳ ማስፈራሪያ ነው።

እንዳልሆነ አረጋግጥልኝ። "ፀሐፊው ገንዘብ በልቷል። አልበላም ካለ ያረጋግጥ!" አይሆንም። የከሰሰ ያስረዳል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 20 ላይ ተከሳሽ ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ንጹህ ሆኖ ይገመታል ይላል። እድር ፍርድ ቤት ባይሆንም ነገሩ ያው ነው። ሂሳብ ይመርመር ማለት ግን ክስ አይደለም፣ መብት ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው። የግድቡን አይተናል። እዚህም "ኔትወርክ ማማው ከተተከለ ወዲህ ንቡ ጠፋ" የሚል ክርክር ሲመጣ ሁለት ነገር እይ፤ ማማ የሌለበት መንደር ንቡ አለ ወይ? ማማ እያለ ንቡ ያልጠፋበትስ አለ ወይ? ደግሞስ ያን ሰሞን ሌላ ምን ተጀመረ? ፀረ አረምና ፀረ ተባይ መርጨት ከሆነ እሱንም ተጠራጠር።

እንዴት ይነገራል?

መያዝ አንድ ነገር ነው፣ መናገር ሌላ። ስብሰባ ላይ ተነስተህ ለአንድ አባት "ይሄ የአመክንዮ ሕጸጽ ነው" ብትላቸው የምታተርፈው የአንድ ዓመት ቅሬታ ነው። ትክክል ብትሆንም ማንም አይሰማህም፤ ወሬው "ያ ባለጌ ልጅ" ይሆናል። ስለዚህ ስሙን ለራስህ ያዝና ጥያቄውን ብቻ አውጣው። እንዲህ፣

"ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ መዋጮው ባለበት ከቀጠለ የሚቀጥለውን ለቅሶ ድንኳን በምን እንከራይ ይላሉ?"

ወይም፣ "እማማ፣ እርስዎ የሚሉት ድሃው እንዳይቸገር ነው አይደል? አቅም የሌለው በ50 ይቀጥል ብንልስ?"

ይሄ ማጎብደድ አይደለም። ሰው ፊት ሳይነሳው ሃሳቡን የሚቀይርበት በር መክፈት ነው። እኩያህ ከሆነ ቀለል ማድረግ ትችላለህ፤ "ወንድሜ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ወደ ድንኳኑ እንመለስ" በቂ ነው። ቴሌግራም ላይ ስሙ የማይታወቅ ሰው ሲሰድብህ ደግሞ አትመልስ፤ እዚያ ያለው ሰው ሊያምን አልመጣም። መልስ ብትጽፍ እንኳ ዝም ብለው ለሚያነቡት ጻፍ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፣ ሙግቱ ተሳሳተ ማለት ነገሩ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ሽማግሌው ተረት ብቻ ቢናገሩም መዋጮው አይጨመር ማለታቸው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ድንኳኑን በየጊዜው ከመከራየት አንዱን ገዝቶ ማስቀመጥ ይረክስ ይሆናል። ይሄ መታወቅ ያለበት በሂሳብ ነው። ሕጸጽ ስላገኘህ ብቻ አሸነፍኩ ካልክ ራስህ ሌላ ሕጸጽ ሠራህ።

ሁለተኛ፣ የሌላውን ስህተት ማየት ቀላል ነው፣ የራስን ወገን ግን ከባድ። ስለዚህ የወደድከውን ጽሑፍ ሼር ከማድረግህ በፊት ስሞቹን ገልብጠህ አንብበው። ያንኑ ቃል በቃል የማትወደው ወገን ስላንተ ወገን ቢጽፈው ትቀበለው ነበር? ካልተቀበልከው ያሳመነህ ሙግቱ አልነበረም።

ለእድር ፀሐፊዎች ደግሞ አንድ የተለየ ነገር። ቃለ ጉባኤው ላይ ከአጀንዳው ሥር ጥያቄውን በአንድ መስመር ጻፉት፤ "መዋጮው 100 ብር ይሁን ወይስ አይሁን፣ ያለን ገንዘብ ይህን ያህል፣ የዓመቱ ወጪ ይህን ያህል" ብላችሁ። ሰው ስለ ወንበሩ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ እንቁላሉ ሁሉ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ፣ እጅ ከመውጣቱ በፊት፣ ያቺን መስመር ጮክ ብላችሁ አንብቧት። ከዚያ ቁጠሩ።